አንድ ነን ወይስ ብዙ?
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዘንድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ስንማር ከርመናል። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለደጋፊዎች በጻፍነው ደብዳቤ «ቡድናችን» ለማለት «ጋንግ» የሚለውን ቃል አስገብተን ነበር። መዝገበ ቃላቱ «ቡድን» ይለዋል፤ ለሰሚው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣለት የወሮበሎች ስብስብ ነው። ሳቅን፤ አፈርንም።

ከዚያ ወዲህ ቃላቱን አንድ በአንድ ለየን። ለመዘምራን «ኳየር»፣ ለመርከብና ለአውሮፕላን ሠራተኞች «ክሩ»፣ ለተመልካች «ኦዲየንስ» ይባላል። እንዲሁ የተሰበሰበ ሕዝብ «ክራውድ» ነው፤ ተቆጥቶ ሲረብሽ «ሞብ» ይሆናል። እኛም ጉባኤ፣ ጭፍራ፣ መንጋ ስንል እንደዚሁ እንለያለን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1486 እንግሊዝ አገር የታተመው «የሴንት አልባንስ መጽሐፍ» የስብስብ ስሞችን ይዘረዝራል። በዚያ ዝርዝር ለሴቶች የተሰጠው ስም «ጋግል» ነው፤ ለዝይ መንጋ የተሰጠውም ያው ነው። ሴቶች ሲሰበሰቡ ትርፉ ወሬ ነው የሚለውን ፌዝ እኛም ቁጠባ ስንጀምር በሰፈራችን ሰምተነዋል።

ከሁሉ ያከራከረን ግን ግሡ ነው። በእንግሊዞች አነጋገር «ኮሚቴ» እንደ አንድም እንደ ብዙም ይነገራል። በአንድነት ሲወስን ግሡ ነጠላ፣ አባላቱ በሐሳብ ሲለያዩ ግሡ ብዙ ሊሆን ይችላል። አሜሪካኖች አብዛኛውን ጊዜ በነጠላ ይናገሩታል።

ይህን በሕይወታችን አይተነዋል። ባለፈው ክረምት አንዷ እህታችን ታማ ብድሯን መክፈል አቃታት። ዕዳው የእሷ ነው ወይስ የቡድኑ? ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከርን። ግማሾቻችን «ነገ በእኔም ይደርሳል» አልን፤ ግማሾቻችን «የልጆቻችን ገንዘብ ነው» አልን። ሁለቱም እውነት ነበር። በመጨረሻ የሦስት ወር ክፍያዋን አዋጥተን ሸፈንንላት፤ እሷም ስትድን ልትመልስ ተስማማች። ዛሬ እየመለሰች ነው። ስንከራከር ብዙ ነበርን፤ ስንወስን አንድ ሆንን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ በዘንድሮው ሪፖርት ስማችንን «አሶሲዬሽን» ብለን ጽፈናል። ቃሉ ነጠላ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ ግን የሁላችንም ነው። ስታነቡት እያንዳንዷን አስቧት።

እህቶቻችን፣ የቅዳሜው ትምህርት ይቀጥላል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ጎረቤትም አስከትሉ።