ታሪክና ቋንቋ በአዲሱ መሣሪያ ዘመን
(በማሕሙድ ሃይቤ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ከቤት ኪራይና ከመታወቂያ ወረቀት የራቀ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ የልጆቻችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ ድርሰት የሚጽፍና ታሪክ የሚተርክ መሣሪያ በእጅ ስልክ ላይ ይገኛል። በመሆኑም «ታሪክና ሥነ ጽሑፍ መማር ከእንግዲህ ምን ይረባል?» የሚሉ ወጣቶች ያጋጥሙናል።

አዲስ መሣሪያ ትምህርትን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ላልቆጠረው ወገናችን ጭምር ደርሷል። ሬዲዮው ግን መጽሐፉን አልጻፈውም፤ አደረሰው እንጂ።

የተጠለልንባት ሐርጌሳም ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ የዘፈን ቅጂዎች እንዳይጠፉ ከመሬት በታች ተቀብረው ነበር። ከጊዜ በኋላ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ተጀመረ። ኮምፒዩተሩ ሊይዝ የቻለው ሰዎች አስቀድመው ያዳኑትን ነው።

አዲሱ መሣሪያም የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው። ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር በአማርኛና በኦሮምኛ የቀረበለት ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። ስለሆነም ስለ አገራችን ሲጠየቅ፣ አንዳንድ ጊዜ ያልነበረ ሰውና ያልተደረገ ነገር በእርግጠኝነት ይናገራል። ይህን የሚያርመው የተማረ ሰው ነው። እንግዲህ የታሪክ ትምህርት አስፈላጊነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሆኖም ዓመተ ምሕረት ከመሸምደድ ይልቅ «ይህን ያለው ማነው? ከየት አገኘው? ሌላው ወገን ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁትን ተረትና ታሪክ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ በየቋንቋቸው በስልክ እንቅዳ። ቦታውንና ዘመኑንም እንመዝግብ።

ሁለተኛ፣ ልጆች ድርሰታቸውን በቅድሚያ በራሳቸው እጅ ይጻፉ። መሣሪያውን ከዚያ በኋላ ጠይቀው መልሱን ከመጽሐፍና ከመምህር ጋር ያስተያዩ።

ሦስተኛ፣ ስማችሁን፣ የተሰደዳችሁበትን ምክንያትና የጉዳያችሁን ወረቀት ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም አትስጡ። የሰጣችሁት ቃል የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው መቆጣጠር አትችሉም። የስደት ታሪካችሁንም እንዲያሳምርላችሁ አታድርጉ፤ በቃለ መጠይቅ ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ፤ ያልኖራችሁትን ነገር ስትጠየቁ መልስ ያጥራችኋል።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ገብተው ሌላ ቋንቋ መማራቸው መልካም ነው፣ እንጀራቸውም ነው። የእናት አባታቸውን ቋንቋ ግን ከቤት ካልሰሙት፣ ነገ ስለ ራሳቸው የሚጠይቁት ያንኑ ጥቂት የሚያውቅ መሣሪያ ብቻ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።