ያነበብነው ምዕራፍና ያልከፈልነው ደመወዝ

(በሰበካ ጉባኤያት የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ዕለት ዕለት የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ አስቀድሞ የተሰማን እፍረት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ምንባብ አላጓደለችብንምና። 81ዱን ቅዱሳት መጻሕፍት አስረክባናለች። ግጻዌው ከመልእክታቱ፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ከዳዊትና ከወንጌል በየዕለቱ የሚነበበውን ለይቶ ያሳየናል። መዝሙረ ዳዊትም ለየዕለቱ ተከፍሎ ሳምንቱን ይዘልቃል።

ብዙዎቻችን ዳዊት እየደገምን ያደግን ነን። ሆኖም አፋችን የሚያውቀውን ልባችን የማይጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ ያስተውለው እንደ ሆነ ሲጠይቀው መሪ እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ። ያ ሰው የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ አዛዥ ነበር። እኛ ግን የአንዲት ደብር የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ ስለ ያዝን ብቻ እንዲህ ያለውን ጥያቄ መቀበል ይከብደናል።

በደብራችን የውኃ ማጠራቀሚያ በምናሠራበት ወራት፣ በመሪጌታችን አሳሳቢነት፣ የኮሚቴው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየማታው አንድ ምዕራፍ ማንበብ ጀመርን። የያዕቆብን መልእክት የመረጥነው አጭር ስለ ሆነ ነው፤ 5 ምዕራፍ ነውና ከሰኞ እስከ ዓርብ ያልቃል ብለን። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይናችን ከመጽሐፉ ይልቅ ሰዓቱን ያይ ነበር።

ዓርብ ማታ አምስተኛው ምዕራፍ ደረሰ። ሐዋርያው እርሻ ያጨዱ ሠራተኞች ስለ ተቀረባቸው ደመወዝ ሲናገር፣ አንባቢው ዲያቆን ድምፁን ዝቅ አደረገ። የዚያ ሳምንት የቃለ ጉባኤ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ድንጋይ የፈለጡትና አሸዋ የተሸከሙት ቀን ሠራተኞች የሦስት ሳምንት ሒሳብ ገና አልተከፈለም። ገንዘቡ አልጠፋም። ፈራሚዎቹ ባለመገናኘታቸው ብቻ ቆይቶ ነበር። እኛም እያንዳንዳችን ሌላው ይፈርማል ብለን ሰንብተናል።

ሒሳብ ያዣችን ስለ አሠራሩ ማስረዳት ጀመረ፤ ያለውም ስሕተት አልነበረውም። መሪጌታ ግን ምንም ሳይመልሱ ኦሪት ዘዳግምን ገልጠው 24ኛውን ምዕራፍ እንድናነብ ሰጡን። በዚያ የድኻው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ታዟል። እኛ ስናነበው ፀሐይ ከገባች ቆይታለች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ፈራሚዎቹ ተሰብስበው ከፈልን። ከዚያም ወዲህ የቀን ሠራተኛ ሒሳብ በየሳምንቱ ቅዳሜ እንዲከፈል፣ አንድ ፈራሚ ቢጎድል የሚተካው ሰው አስቀድሞ እንዲታወቅ ወሰንን። ይህ ውሳኔ በቃለ ጉባኤያችን ተጽፎ ይገኛል። በእናንተም ደብር የልማት ሥራ ካለ፣ ከንባቡ ጋር የክፍያ መዝገቡን አብራችሁ ጠረጴዛው ላይ እንድታኖሩ እንለምናችኋለን። የማያነቡ አረጋውያንንም ጥሩ፤ በእኛ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው የሚሰሙት እነርሱ ናቸው።

ከሠራተኞቹ አንዱ ግን በዚያ ቅዳሜ አልተገኘም። ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ መመለሱን ጓደኞቹ ነገሩን። የመጣበትን ወረዳ እንጂ ቀበሌውን የሚያውቅ አላገኘንም። ገንዘቡ በፖስታ ታሽጎ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ በደብሩ ካዝና ተቀምጧል፤ ወደዚያ አገር የሚሄድ ካህን በተገኘ ቁጥርም እንዲጠይቅልን እንልካለን።