የተቀበረ ቧንቧና የተሳሳተ መዝገብ

አንደኛ አቅራቢ፦ የጋዝ ማስተላለፊያ ቧንቧ ደኅንነት በብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ስለ ብረቱ በተያዘው መዝገብ ትክክለኛነትም ስለሚወሰን፣ የዘርፉ መሐንዲስ ሙያ ከብየዳ ፍተሻ አልፎ እስከ ፕሮግራም አስተዳደር፣ ማለትም ተያያዥ ሥራዎችን በአንድ ዕቅድ፣ በጀትና ተጠያቂነት ሥር እስከ መምራት ይዘልቃል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ለዚህ የካሊፎርኒያዋ ሳን ብሩኖ ከተማ ማስረጃ ናት፤ በ1956 እ.ኤ.አ. የተቀበረው የጋዝ ቧንቧ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ 8 ሰዎችን ሲገድልና 38 ቤቶችን ሲያወድም፣ መዝገቡ መገጣጠሚያ የሌለው ነው ያለው ብረት በእርግጥ በርዝመቱ ጉድለት ያለበት ብየዳ ነበረው።

አንደኛ አቅራቢ፦ የፍተሻ ስልት የሚመረጠው ከመዝገቡ በመነሣት ስለሆነ፣ የብየዳ ጉድለትን የማያሳይ ስልት መመረጡ አያስገርምም፤ በውሃ ግፊት መፈተን፣ ማለትም ቧንቧውን ከሥራ ግፊቱ በላይ በሆነ የውሃ ግፊት መሞከር፣ ጉድለቱን አስቀድሞ ሊያጋልጥ ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ የ1970 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ነባር ቧንቧዎችን ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጓቸው ነበር፤ ይህም፣ በግልጽ ለመናገር፣ እርጅናን እንደ ዋስትና መቁጠር ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በርቀት የሚዘጋ ቫልቭ፣ ማለትም የጋዝ ፍሰት መዝጊያ፣ በቦታው ባለመኖሩም ሠራተኞች በእጅ ዘግተው ፍሰቱን እስኪያቆሙ 95 ደቂቃ ፈጅቷል።