ሒሳቡን ማን ይክፈል?

(በድሬዳዋ ሳቢያን፣ በተመራቂዎች የራት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሙቀቱ ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ ድሬ ላይ ስለ ሙቀት ይቅርታ የሚጠይቅ የለም። አዘጋጆቹ ከራት በፊት ያለችውን ጊዜ ለእኔ ሰጥተው «ስለ ተማሪነት ትዝታ ተናገሪ» ብለውኛል። የራበው ሰው ፊት ቆሞ ስለ ትዝታ ማውራት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ስለ ምግብ ላውራ። በተማሪነታችን በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ያውም በሰው ኪስ፣ ስለገባንባቸው የአዲስ አበባ የጣሊያን ምግብ ቤቶች።

መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጥቁር አንበሳ በር ወጥቶ፣ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ይዞ፣ እያለከለኩ ፒያሳ መድረስ ነው። በአዘቦት ቀን ያን ያህል አንወጣም ነበር። ከታች ካሉት ትንንሽ ቤቶች በአንዱ ፓስታ በእንጀራ አዘን፣ በእጃችን ጠቅልለን በልተን እንመለሳለን። ፓስታ በእንጀራ የተባለውን ነገር ለአንድ የሮም ሰው ብነግረው በድንጋጤ ይታመማል ብዬ እሰጋለሁ። ለእኛ ግን ከሰዓት በኋላ ያለውን ሮውንድ በእግራችን ቆመን እንድንጨርስ ያደረገን እሱ ነው።

ዳገቱን የጨረሰ ሰው የሚያገኘው ሌላ ዓለም ነበር። ካስቴሊ እዚያ ነበር። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 የተከፈተ ሲሆን መሥራቹ ፍራንቼስኮ ካስቴሊ ከጦርነቱ በኋላ እዚህ የቀረ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር። ቦብ ጌልዶፍ በልቶበታል፣ ብራድ ፒት በልቶበታል ይባላል። እኔ በተማሪነቴ የበላሁት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ከሁሉ በላይ የማስታውሰው የጠረጴዛውን ጨርቅ ንጣት ነው፤ ከኦፕሬሽን ክፍላችን ጨርቅ ይልቅ ይነጣ ነበር። ኤንሪኮ ኬክ ቤት ማልዶ ያልሄደ ሰው ሚልፎሊውን አያገኝም ነበር። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲከፈት ስሙን ያገኘው ዘመናዊ የቡና መቁያ ከሚለው የጣሊያንኛ ሐረግ መነሻ ፊደላት ነው፤ እኛ ግን ለዓመታት ቆመን ስንጠጣበት የሰው ስም ይመስለን ነበር። ወደ ስታዲየም በኩል ደግሞ የጣሊያኖቹ ጁቬንቱስ ክለብ ነበር። ቦሌ ላይ በእንጨት እሳት ፒዛ የሚጋግሩት ቤቶች የመጡት በኋላ ነው፤ እነሱ የእናንተ የታናናሾቻችን ትዝታ ናቸው፣ አልነካባችሁም።

መቼም ይህን ምግብ ማን እንዳመጣው ሳይነሳ ማለፍ አይቻልም፤ በተለይ በዚህ ከተማ ላይ ቆሞ። በግንቦት 1928 ዓ.ም. ከኦጋዴን በኩል የመጣው የግራዚያኒ ጦርና ከአዲስ አበባ የባቡሩን ሐዲድ ይዞ የወረደው የባዶሊዮ ጦር የተገናኙት እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነው። በዓመቱ የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ የሆነውን እዚህ መዘርዘር አይጠበቅብኝም። አያቴ ማካሮኒን «የጠላት ትል» ትለው ነበር፤ እስክትሞት አልቀመሰችውም። እኔ እሷን አልተቃወምኳትም፤ ለእሷ ምግብ ሳይሆን ሰዎቹ ነበሩ የሚታዩዋት። ግን ከነጻነት በኋላ ጃንሆይ በቀል እንዳይፈጸም አዘዙ፤ መካኒኩም፣ ግንበኛውም፣ ምግብ አብሳዩም ከጣሊያኖቹ ጥቂት የማይባለው እዚሁ ቀረ። ከእነሱ ጋር የሠራው የእኛ ሰው ደግሞ ሙያውን ከነስሙ ወሰደው። እስቲ አስቡት፤ የሆስፒታላችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ የጋራዡና የምግብ ቤቱ ግን ጣሊያንኛ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ። ባንኮኒ፣ ፎርኖ፣ ስልስ፣ ማኪያቶ። መኪናው ተበላሽቶበት ጎሚስታ ቤት የቆመ የሕክምና ፕሮፌሰር ከባለሙያው ያነሰ ቋንቋ ነው ያለው።

እናንተ የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ ፓስታ በአንድ በር ብቻ የገባ ይመስላችኋል። አቦ፣ እንደሱ አይደለም! ለእኛ ለምሥራቆቹ በሌላ በር ነው የመጣው፣ በሞቃዲሾ በኩል። ጣሊያን ደቡብ ሶማሊያን ከእኛ በፊት ይዞ ስለነበር ሶማሌዎቹ ባስቶ ብለው የራሳቸው አደረጉት። ስጎውን በቅመም ሠርተው፣ ሥጋውን ከጎን አድርገው፣ ሙዝ አብረው ያቀርባሉ። ሙዙ ከምግብ በኋላ የሚበላ እንዳይመስላችሁ። እየቆረጡ ከፓስታው ጋር ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመኑም፣ ፈረንሳዩም አብሮት ደርሷል፤ ከተማችን የማንንም ምግብ «ያንተ ነው» ብላ መልሳ አታውቅም።

የአዲስ አበባውም ቢሆን ሳይለወጥ አልቀረም። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ጾም ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋና ወተት የማይነካ ደንበኛ ያለው ምግብ አብሳይ፣ ከሮም ይምጣ ከሚላኖ፣ ቺዙን ማስቀመጥ ይማራል። ደግነቱ ስፓጌቲ በስልስ ከነዘይቱና ከነነጭ ሽንኩርቱ ድሮም ጾም ነው። ከዚያ የጾም ፒዛ መጣ፣ የጾም ላዛኛ መጣ። ቃሪያው ገባበት፣ በርበሬው ገባበት።

ከማለፌ በፊት አንድ የሐኪም ነገር፤ እዚህ ያለው አድማጭ ግማሹ ውስጥ ደዌ ስለሆነ ዝም ብል አይምሩኝም። ክሊኒኬ የሚመጡ የስኳር ሕሙማን «ዶክተር፣ እንጀራ ትቻለሁ፣ ፓስታ ነው የምበላው» ይሉኛል፤ የሆነ ሰው ነግሯቸዋል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ፓስታ ሊጡ የታመቀ ስለሆነ ስታርቹ ቀስ እያለ ነው የሚፈጨው፤ ስኳሩም እንደ ነጭ ዳቦ ቶሎ አይወጣም። ይህ ግን የሚሠራው ጣሊያኖቹ አል ዴንቴ በሚሉት መንገድ፣ ጥርስ ሲይዘው የሚታወቅ ሆኖ ሲወጣ ነው። እኛ እስኪልም እንቀቅለዋለን፤ ያኔ ጥቅሙ በውኃው ይሄዳል። ጣሊያን አገር ለአንድ ሰው የሚመከረው 80 ግራም ደረቅ ፓስታ ነው፤ ከአንድ ባለ 500 ግራም ፓኮ 6 ሰው ይበላል ማለት ነው። እኛ ጋ 6 ሰው ከአንድ ፓኮ በላ ቢባል ድርቅ ገብቷል ነው የሚባለው! በዚያ ላይ ዳቦ፣ በዚያ ላይ እንጀራ። ስለዚህ ለሕመምተኞቼ የምነግራቸው የሳህኑን መጠን እንጂ የምግቡን ስም አይደለም። ይኸው፣ አበቃሁ።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ።

በ1996 ዓ.ም. ኢንተርን ሳለሁ፣ በተመደብንበት አንድ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ክፍል ውስጥ አንድ የ4 ዓመት ልጅ በማጅራት ገትር ሞተብን። ከገጠር በጣም ዘግይቶ ነበር የደረሰው። ከእኛ መሐል ተረኛ የነበረው ልጅ ከዚያ ሌሊት በኋላ መናገር አቆመ። ሮውንድ ላይ ይቆማል፣ ይጽፋል፣ አይናገርም። ሕክምናውን ሊተው እንደሆነ ለእኔ ነግሮኝ ነበር። ሲኒየራችን በክፍሉ ውስጥ ምንም አላሉም። ዓርብ ማታ ግን «ዛሬ ሁላችሁም ከእኔ ጋር ትወጣላችሁ» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። ስድስት ሆነን በሳቸው መኪና ተጨናንቀን ፒያሳ፣ አንድ የጣሊያን ቤት ገባን። ዓርብ ስለሆነ የምንጾመው በስልስ፣ የማይጾሙት በሥጋ አዘዝን። ስለ ልጁ ሊያነሳ የሞከረ ነበር፤ «መጀመሪያ ብሉ» አሉት። በሹካ መጠቅለል ያልቻልነውን በማንኪያ ደግፈን እንድንጠቀልል አሳዩን። ሳህኑ እስኪነሳ ድረስ ያወራነው ስለ እግር ኳስ ነው።

ማኪያቶው ሲመጣ ከጠረጴዛው ላይ ሶፍት አነሱና እስክሪብቶ አውጥተው መስመር አሰመሩ። በመስመሩ አንድ ጫፍ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ እናትየው የነገረችንን አንድ በአንድ ጠየቁን። ጠበል መቼ ሄዱ? ጤና ጣቢያ መቼ ደረሱ? አውቶቡስ ስንት ቀን ጠበቁ? እኛ ጋ በስንት ሰዓት ገባ? መድኃኒቱ ከገባ በስንት ደቂቃ ተጀመረ? ሁሉንም መስመሩ ላይ አሰፈሩት። መጨረሻ ላይ ከቤት እስከ ሆስፒታሉ በር 5 ቀን፣ ከበሩ እስከ መጀመሪያው መርፌ 25 ደቂቃ ሆነ። ሶፍቱን ወደዚያ ወደማይናገረው ልጅ ገፋ አደረጉና «ያንተ ይቺ ናት» ብለው 25ቷን በእስክሪብቶ ነኩለት። ሌላ ምንም አላሉም። አስተናጋጁ፣ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ሒሳቡን ለሳቸው ሰጡ። የሐኪም ጠረጴዛ ሒሳብ ለታላቁ እንደሚሰጥ ለምደውታል።

ያ ልጅ ዛሬ የሕፃናት ስፔሻሊስት ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አለ። ስሙን አልጠራም፣ ቀይ ሸሚዝ መልበሱን ግን እናገራለሁ። እኔም ብሆን፣ የቀረውን ሕይወቴን በመስመሩ የ5 ቀን ወገን ለመሥራት ወደ ምሥራቅ ስመለስ፣ ሶፍቷ በሐሳቤ ውስጥ ነበረች።

ይህን የማነሳው ወንበሩ እየጠፋ ስለሆነ ነው። በየማስተማሪያ ሆስፒታሉ ያሉ ጓደኞቼ የሚነግሩኝ አንድ ዓይነት ነው። ሲኒየሩ ሮውንድ ጨርሶ ወደ ሁለተኛ ሥራው ይሮጣል፣ መሮጥ አለበት፣ ልጆች አሉት። ኢንተርኑ ስልኩ ላይ ያገኘውን አዝዞ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይበላል። የአንድ ሬዚደንት የወር ደመወዝ ስንት ፒዛ እንደሚገዛ አስልቼ ነበር፤ ከራት በፊት ግን አልነግራችሁም። ከሁሉ ያሳዘነኝ አንዲት አስተማሪ ጓደኛዬ ያለችኝ ነው፤ «ልጆቹ ከባድ ሌሊት ያሳለፉ ቀን ጠዋት ሌላውን ደረጃ ይዤ እወርዳለሁ፤ ካገኘኋቸው ልጋብዛቸው ይገባል፣ ልጋብዛቸው ደግሞ አልችልም» አለችኝ። መምህር ከተማሪው በሒሳብ ምክንያት ሲደበቅ እኔ በኛ ዘመን አላየሁም።

የኛ ዓመት ተመራቂዎች ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ትንሽ ነገር ሞክረናል። ውጭ ያለን አንድ ወር ይይዛል፤ ያን ወር የአንድ ቡድን የአንድ ማታ ጠረጴዛ የሱ ነው። ገንዘቡ በጥሬው ለማንም አይሰጥም፣ በቀጥታ ለምግብ ቤቱ ይከፈላል። ሲኒየር ካልተቀመጠ ግብዣው የለም። ካፍቴሪያ አይሆንም፣ ታሽጎ አይወሰድም፤ አስተናጋጅ ያለው፣ ጨርቅ የተነጠፈበት፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚያስቀምጥ ቤት መሆን አለበት። የጣሊያን ቤት መሆን የለበትም ግን አብዛኞቹ እሱን ይመርጣሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጿሚውም ፈሳኩም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያዝዘው ነገር አያጣም፣ እያንዳንዱም በየሳህኑ ስለሚቀርብለት ዓይን አፋሩ ተማሪ ከትሪ ላይ ተሽቀዳድሞ አይበላም።

«ይህ ገንዘብ ለጓንት፣ ለኦክስጅን፣ ለመጽሐፍ ቢውል» ያሉኝ መምህሮቼ አሉ። ጓንት በሌለበት ዋርድ ቆሜ ስለማውቅ አልከራከራቸውም። ጓንት ግን ሌላው ቢቀር በወረቀት ላይ በጀት አለው፤ ሲጠፋም የሚጮህለት ሰው አለው። ሲኒየርና ኢንተርን አብረው ካልበሉ ግን ማንም ሪፖርት አያደርግም። የሚታወቀው ልጁ ሥራውን ትቶ ሲሄድ ነው።

ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የወራት ዝርዝር ተቀምጧል። መስከረምና ጥር ተይዘዋል፣ ሰው ሁሉ በዓል ያለበትን ወር ነው የሚመርጠው። ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ናቸው፤ አዲስ ኢንተርን ዋርድ ሲለምድ የሚያለቅሰው በነዚህ ወራት ስለሆነ ቅድሚያ ስጧቸው። አስተማሪዎች ገንዘብ አትጽፉም፣ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ የምትችሉበትን ማታ ብቻ ጻፉ።

ራት ዝግጁ ነው ብለው እየጠቀሱኝ ነው። ስፓጌቲው በሁለት ዓይነት ነው የቀረበው፣ አንዱ በስልስ፣ አንዱ በሶማሌ ስጎ። የዛሬውን ሒሳብ እኛ የምሥራቅ ልጆች ከፍለናል፤ አስተናጋጆቹን አታስቸግሯቸው። ሳህኑ ዳር ያለው ሙዝ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፣ ከፓስታው ጋር ነው የሚበላው።