የዝምተኛው እርሳስ



በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ስለ ዐይነ አፋር ተማሪና ስለ አስቂኝ ሥዕል ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ ቆሞ የሚያነብ ከመካከላችን ለመምረጥ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል፤ ሁላችንም ዐይነ አፋሮች ነንና።

አገራችን የቀልድ ድሀ አይደለችም። አለቃ ገብረ ሐና በፈጣን መልሳቸው እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። ነገር ግን መልሱ ቶሎ የማይመጣለት ምን ያድርግ? የዝምተኛ ሰው መልስ የሚመጣው ማታ ከተኛ በኋላ ነው። አንደበት ጊዜ አይሰጥም፤ እርሳስ ግን ይጠብቃል።

ነገርን በሥዕል መተረክ ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። በዘጌ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ታሪኩ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየተሸጋገረ ይነገራል። ቅዱሱን ሥዕል ከቀልድ ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ የቆየ ልማድ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ ክፉ ሰው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዐይኑ ይሣላል። እንግዲህ ዐይኑን መሬት ላይ የጣለውን ልጅ ከየትኛው ወገን እናድርገው? ብዙ ሰው ኩሩ ነው ወይም ጥፋት አለበት ይለዋል፤ እርሱ ግን ገና ሰላምታውን እያዘጋጀ ነው።

በውጭ አገርም ይህን በሚገባ የተረዱ አሉ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ሹልዝ ራሱም ዐይነ አፋር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 2000 በሣለው «ፒናትስ» በተባለው የጋዜጣ ሥዕል፣ ቻርሊ ብራውን የሚወዳትን ባለ ቀይ ጠጉር ልጅ ከሩቅ እያየ ምሳውን ብቻውን ይበላል እንጂ ቀርቦ አያነጋግራትም። ሣራ አንደርሰንም እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመችው የሥዕል መጽሐፍ የወጣትነትን ግራ መጋባት በሣቅ አሳይታለች። አንባቢ በእነዚህ የሚሥቀው «ይህስ እኔ ነኝ» እያለ ነው።

እኛም አንድ ሞክረናል። በመጀመሪያው ሥዕል ተማሪው በባሕር ዳር በሐይቁ ዳር ሲሄድ መምህሩን ከሩቅ ያያል። በሁለተኛው ሰላምታውን ያጠናል። በሦስተኛው መምህሩ አልፈዋል። በአራተኛው ተማሪው ዳር ለቆመችው ታንኳ እጅ ነሥቶ «ጤና ይስጥልኝ» ይላል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በራሳችን እንሣቅ እንጂ በባልንጀራችን አንሣቅ፤ አንዱ ቁስልን ያሽራል፣ ሌላው ያመረቅዛል። ክቡራን ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ዝም አይነቅዝም ይባላል። ጭምትነት ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ዝምተኛውን ልጅ በእንግዳ ፊት «ተናገር እንጂ!» ከማለት፣ ወረቀትና ጥቂት ጊዜ ስጡት። የሚለው አለው።