ከሶፍ ዑመር ዋሻ ጉዟችን ያገኘነው ትምህርት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ አባላት፤



እውነቱን ለመናገር፣ የባሌው ጉዞ ሐሳብ አምና እዚሁ ሲቀርብ አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል እኛ አለንበት። «እድር የቆመው ለድንኳንና ለሬሳ ሳጥን ነው፤ ሽርሽር ምን ያደርግለታል?» ብለን ነበር። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ሰዎች ነንና ወጪ ሲጠራ እንደነግጣለን። ሐሳቡን ያቀረቡት አንጋፋው አባላችን ግን ያሰቡትን ሳያዩ በነሐሴ አረፉ። እኛም ድንኳን ተክለን አለቀስን። ከሰልስቱ በኋላ ጸጸት ያዘንና፣ ከእድሩ ካዝና ሳንቲም ሳንነካ፣ በግል መዋጮ ኮስትር ተከራይተን በጥር ወር አሥራ አራት ሆነን ተነሣን። የሟች ባለቤት እትዬም አብረውን ነበሩ።

ቁርስ የበላነው አሰላ ነው። የቀድሞው የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን፣ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የጭላሎው እርሻ ልማት፣ ካዱ የምንለው፣ ሥራ የጀመረባት ናት። ከዚያ የእነ ደራርቱ ቱሉንና የእነ ቀነኒሳ በቀለን አገር በቆጂን አልፈን ዲንሾ ስንደርስ፣ የደጋ አጋዘን ከመንገድ ዳር ቆሞ አየን። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያደርነው በድሮዋ የባሌ ዋና ከተማ በጎባ ነው፤ ብርዷ አይጣል ነው!

በማግሥቱ በጎሮ በኩል ወደ ቆላው ወርደን ሶፍ ዑመር ደረስን። የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ በአንድ ወገን ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። የዋሻው የውስጥ መንገድ ተለክቶ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓምዶቹን ያየ ሰው ግንበኛ ያቆማቸው እንጂ ውሃ የጠረባቸው አይመስለውም። ስሙ የመጣው እዚያ ተጠግተው ይጸልዩ ከነበሩት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው፤ ሙስሊሞች እስከ ዛሬ ይሰበሰቡበታል። አብረውን የነበሩት ሐጂ ዱዓ ሲያደርጉ እኛም ክርስቲያኖቹ ባርኔጣችንን አውልቀን አሜን አልን።

ወደ ውስጥ እንደገባን ባትሪያችን ድርግም አለ። እጃችን እንኳ አልታይ አለን። መሪያችን ወጣት «ማንም እንዳይራመድ! እጅ ለእጅ ተያያዙ!» ሲል፣ የማን እጅ እንደሆነ ሳናውቅ ያገኘነውን ጨበጥን። ልባችን ሲመታ በጎናችን «አይዟችሁ፣ አለሁ» የሚል ድምፅ ሰማን። እትዬ ነበሩ። ሌላ ባትሪ ሲበራ ዓምዶቹን ቀና ብለው አዩና «እሱ ነበር ይህን ማየት የነበረበት» አሉ። እኛ ተቃዋሚው ምን እንመልስ? ዝም አልን።

የተከበራችሁ አባላት፤ ለሬሳ መቆማችን መልካም ነው፤ አይቅር። ነገር ግን እድሜ የገፋ አባል በሕይወት ሳለም ይታሰብ። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ጉዞ በፈቃደኞች መዋጮ እንዲደረግ፣ መክፈል ያቃታቸው አረጋውያን ድርሻም በእኛ በአቅም ባለን እንዲሸፈን ሐሳብ እናቀርባለን። የመጀመሪያውን መዋጮ ዛሬውኑ እኛ እንከፍላለን። ሶፍ ዑመር የምትሄዱ በበጋ ሂዱ፤ በክረምት ወንዙ ይሞላል። ባትሪም ሁለት ሁለት ያዙ።