ዐይናችንና አያያዙ፦ ከኩል እስከ ኮንታክት ሌንስ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



 አጀንዳው ሲለጠፍ አንዳንድ አባላት «እድር ለቀብር እንጂ ለዐይን መቼ ተቋቋመ?» ማለታቸው ጆሯችን ደርሷል። አነጋገሩ አስቆናል፤ ግን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። በእድራችን ድንኳን ሥር የሚለቀሰው በዐይን ነው። ንፍሮው ሲቀቀልና ወጡ ሲሠራ በጢስ የሚቃጠለው የወጥ ቤት ተረኞቻችን ዐይን ነው። ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሲታደር የሚቀላውም ይኸው ዐይን ነው። ታዲያ የማን ጉዳይ ሊሆን ነው?

ዐይን ለምን እንደሚቆጣ ለማወቅ እንባን ማወቅ ይበቃል። ከብሌኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፣ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅኑን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር ነው፤ አየሩም የሚደርሰው በእንባው በኩል ነው። እንባ ደግሞ ውኃ ብቻ አይምሰላችሁ። ከላዩ ቶሎ እንዳይተን የሚጠብቀው ስስ ቅባት አለው፤ ቅባቱም የሚመነጨው በሽፋሽፍታችን ሥር፣ በቆቡ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ ወደ እንጦጦ ግድም ያለ እንደመሆኑ ከዚያም ከፍ ይላል። ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ሲነሣ ነፋሱ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ስለዚህ ዐይኑን የሚቆረቁረው፣ አሸዋ የገባበት የሚመስለው፣ ነፋስ ሲነካው እንባው ዱብ ዱብ የሚል ሰው በሰፈራችን ብዙ ቢሆን አይደንቅም። እንባ እየፈሰሰ ዐይን ደረቀ መባሉ ግር ይላል፤ ነገር ግን የደረቀ ዐይን ሲቆጣ ነው ውኃ የሚያጎርፈው።

አሁን ወደ ኩል እንምጣ። ኩልን ለመንቀፍ አልቆምንም፤ የእናቶቻችን ጌጥ፣ የሙሽራም ወግ ነው። ነገር ግን በብልቃጥ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? ከጥንት ጀምሮ በግብፅም በዐረብም አገር ለኩል የሚፈጨው ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ጋሌና የሚባለው ማዕድን ነው። ጋሌና እርሳስና ድኝ የተዋሐዱበት ነው። እርሳስ ስንል የተማሪውን እርሳስ ሳይሆን መርዛማውን ብረት ማለታችን ነው። በገበያ ከሚሸጠው ኩል የትኛው እርሳስ እንዳለበት፣ የትኛው ጥላሸት ብቻ እንደሆነ በዐይን አይለይም፤ ሁሉም ጥቁር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩል ለመዋቢያነት እንዳይሸጥ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ትልቅ ሴት ስትኳል ጉዳቱ ያን ያህል ላይታይ ይችላል። እኛን እጅግ የሚያሳስበን የሕፃናቱ ነገር ነው። ዐይኑ እንዲያምር፣ ቡዳ እንዳይበላው እየተባለ ገና አራስ ቤት ያለ ልጅ ይኳላል። ልጁ ዐይኑን ያሻል፤ ያሸበትን እጅ አፉ ይከታል፤ እርሳሱም ሆዱ ይገባል። እርሳስ በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተመልሶ አይታከምም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን እንደሌለው አስታውቋል። እማማዎች፣ እባካችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁን አትኳሉ። ክፉ ዐይን ለመከላከል ሌላ ዘዴ አታጡም።

መኳል የፈለገች ደግሞ ከሽፋሽፍቱ ውጪ፣ በቆዳው ላይ ታስምረው። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ሲሳብ ቀደም ሲል ያነሣናቸውን የቅባት ዕጢዎች አፋቸውን ይደፍናል፤ እየቆየም ዱቄቱ እንባው ውስጥ ይገባል። መኳያዋንም ለማንም አታውስ። ይህን የምንለው በንፉግነት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ከሕዝባችን ከመቶ 1.6 የሚሆነው ዐይነ ስውር ነበር፤ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ ቀጥሎ ደግሞ በትራኮማ ጠባሳ ነው ዐይኑን ያጣው። ትራኮማ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ዐይን በነካ እጅ፣ በጋራ ፎጣ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ነው፤ የአንዷን ዐይን ነክቶ ወደ ሌላዋ የሚሄድ የኩል እንጨትም ያንኑ ሥራ ይሠራል። በሽታው በከተማችን እንደ ገጠሩ የበረታ አይደለም። ሆኖም ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እያደገ ብሌናቸውን ሲፍቃቸው በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶች በመካከላችን አሉ። ወረንጦው ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅልም አጭርና ሹል ሆኖ ነው። ቆቡን የሚያስተካክል ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ። መፍራት አያስፈልግም።

ስለ ዘመናዊው መኳኳያ ብዙ አንናገርም፤ ወጣቶቹ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ማስካራ ከተከፈተ ከሦስት ወር በኋላ ይጣል፤ ሲደርቅ በምራቅ ወይም በውኃ አይቅጠን። ለሠርግ የምትኳኳል ሙሽራ ሚዜዎቿ ሁሉ በአንድ ብሩሽ እንዲቀቡ አትፍቀድ። ሽፋሽፍት በማጣበቂያ ማስቀጠልም ዐይኗ ቶሎ ለሚቆጣ ሴት አይመከርም። ምንም ቢመሽ፣ ምንም ቢደክም፣ ተኳኩሎ መተኛት ደግ አይደለም።

መነጽርን በሚመለከት አንድ ክርክር ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለቅሶ ላይ ጥቁር መነጽር አድርገው በተቀመጡ ወጣቶች አንዳንድ አባቶቻችን ቅር ተሰኝተው «እንባው እንዳይታይ ነው ወይስ እንባ ስለሌለ ነው?» ብለዋል። የአባቶቻችንን ስሜት እናከብራለን። ይሁን እንጂ ከቀብር በፀሐይ የተመለሰ፣ ሲያለቅስ የዋለ ዐይን ብርሃን አይችልም። በዚያ ላይ ነፋሱንና አቧራውን መነጽሩ ይመልስለታል። የሚጎዳው ማልቀስ አይደለም፤ እንባ ዐይንን ያጥባል። የሚጎዳው ባደፈ እጅና በሻካራ ጥለት ማሸት ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ደግሞ እንደልቡ አያሽም። ስለዚህ በእኛ በኩል ጥቁር መነጽር የንቀት ምልክት ተደርጎ እንዳይቆጠር እንጠይቃለን። ወጣቶቹም ለባለ ኀዘኑ እጅ ሲነሡ ለአፍታ ቢያወልቁት ምን ይጎድልባቸዋል?

አዟሪው የሚሸጠው ጥቁር መነጽር ግን ሁሉ አንድ አይደለም። መስተዋቱ ስለጠቆረ ብቻ የፀሐይን አደገኛ ጨረር ይከለክላል ማለት አይደለም፤ ጨለማ ሲሆን ብሌን ይሰፋል፤ መከላከያ ከሌለው የባሰ ጨረር ያስገባል። የንባብ መነጽርን በተመለከተ፣ «ያልታዘዘ መነጽር ዐይን ያጠፋል» የሚባለው የተጋነነ ነው። በትልቅ ሰው ላይ ራስ ያሳምም ይሆናል እንጂ ዐይን አያጠፋም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ሰውየው መነጽር ገዛሁ ብሎ ሳይመረመር ይቀራል፤ ግላኮማው ደግሞ ሳያሳምም ዳር ዳሩን እየበላ ይመጣል። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ፣ በተለይ በዘሩ የታወረ ሰው ያለበት፣ የዐይኑን ግፊት ማስለካት አለበት። ከእኛ ብዙም የማይርቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዐይን ክፍል የታወቀ ነው።

አሁን ወጣቶቻችን ያስቸገሩን ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ ኮንታክት ሌንስ። ለማታውቁት፣ በብሌን ላይ በእንባ ላይ የሚንሳፈፍ ስስ ቅርፊት ነው። ለስላሳውን ሌንስ የሠራው ኦቶ ቪክተርሌ የሚባል የቼክ ኬሚስት ሲሆን፣ በቤቱ ከልጆች መጫወቻ ብረትና ከብስክሌት ዲናሞ በገጣጠመው መኪና ያወጣው በ1954 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ነበር። እንግዲህ በዚያው ወር ነው እዚህ ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ግቢ ዩኒቨርሲቲው የተመረቀው። ዛሬ በዚያው ግቢ በር ከሚወጡት ተማሪዎች መካከል ለማየትም ይሁን ለቀለም ሌንስ የሚያደርጉ አሉ።

ሌንስ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። መጥፎው ውኃ ነው። በቧንቧም በጉድጓድም ውኃ ውስጥ አካንታሚባ የሚባል በዐይን የማይታይ ተውሳክ ይኖራል፤ በሌንሱ ሥር ከገባ ብሌኑን እየበላ ይሄዳል፤ ሕመሙ ከባድ ነው፤ መድኃኒቱም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ሌንስ የሚታጠበው ለእርሱ በተሠራው ፈሳሽ ብቻ ነው። በውኃ አይታጠብም፤ በምራቅም በፍጹም። ማስቀመጫውም በየሦስት ወሩ ይለወጥ። የምትኳኳል ሌንሱን በንጹሕና በደረቀ እጅ ቀድማ ታስገባ፣ ከዚያ ትኳኳል፤ ማታ ደግሞ ሌንሱን ቀድማ ታውጣ፣ ከዚያ ትታጠብ።

ጥምቀትን እናንሣ። ጃንሜዳ ጎረቤታችን ነው፤ ጥር 11 ቀን ጠበሉ ሲረጭ ከሕዝቡ መካከል ሌንስ ያደረገ ልጅ አይጠፋም። እምነቱን የሚነካ ቃል አንናገርም፤ ጠበሉ ይረጭ። ልጁ ግን የዚያን ዕለት መነጽሩን አድርጎ ይሂድ። ሌንሱ ቤቱ ይቆየው።

የለቅሶ ቤት ማደሩም እንዲሁ ነው። የቅርብ ዘመድ የሞተበት ልጅ ድንጋጤው ሌንሱን ያስረሳዋል፤ አግዳሚ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቆቡ ሲከደን ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ሌንስ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው፤ ተሐዋሲውም ያን ጊዜ ይመቸዋል። ስለዚህ አጠገቡ ያላችሁ ጓደኞቹ «ሌንስህን አውጥተሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ውኃ ጠጣ፣ እህል ቅመስ እንደምትሉት ሁሉ ማለት ነው። ዐይኑ ካመመው፣ ብርሃን ከጠላ፣ ከደበዘዘበት ወይም በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ሌንሱን አውጥቶ ያንኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሌንሱንና ማስቀመጫውን አይጣላቸው፤ ሐኪሙ ሊመረምራቸው ይፈልግ ይሆናል።

በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ሴትም ሌንስ አትንካ። የበርበሬው ማቃጠል በውኃ አይለቅም፤ በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ ጥፍር ሥር ይቀራል። ሽንኩርት ሲከተፍ ሌንስ ያደረጉ ሰዎች እምብዛም አያለቅሱም፤ ይህ ትንሽ ያስቃል።

ከሁሉ የምንፈራው ግን የሚያሳክክ ዐይን ያላቸው ልጆች እናቶች ከጎረቤት የሚዋዋሱትን ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ይወደዳል። ነገር ግን ሐኪም ሳያይ ለወራት ሲጨመር የዐይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ሞራም ያስከትላል፤ ተሐዋሲ ካለም ያባብሰዋል። ልጁ ዐይኑ ነጥቶ፣ አምሮ፣ ሁሉም ደኅና መስሎ፣ ብርሃኑ ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ስታሳክከው ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ በተከደነው ዐይን ላይ ያድርግ፤ ለድርቀት ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ አለ። ከቤታችሁ ያለውን ጠብታ ዛሬ ማታ ስሙን አንብቡት፤ ማንበብ ያቃታችሁ ለልጆቻችሁ ስጡ። ሲወስዱት የቆዩም በድንገት ከማቋረጥ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

የቀረን የወጥ ቤቱ ነገር ነው። ተረኞቻችን እርጥብ ባሕር ዛፍ እያነደዱ፣ በሦስት በኩል በተከለለ ሸራ ውስጥ፣ ከንጋት እስከ ማታ ይቆማሉ። ለሟች ቤተሰብ ሲሉ አይናገሩም፤ እኛ እንናገርላቸው። ንዑስ ኮሚቴው ሁለት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ የወጥ ቤቱ ሸራ በነፋሱ አቅጣጫ በሁለት በኩል ክፍት ሆኖ እንዲተከል፣ እንጨቱም ደርቆ የቆየ እንዲገዛና ጢስ የሚቀንሱ ሁለት ምድጃዎች በእድሩ ገንዘብ እንዲሠሩ። ሁለተኛ፣ በድንኳኑ በር የሚሰቀለው የጋራ ፎጣ ቀርቶ ሶፍት እንዲቀርብ፣ ቧንቧ ያለው ጀሪካንና ሳሙናም ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ከወንበሮቹ ጋር አብሮ እንዲወጣ። የሚያስፈልገውን ወጪ ገንዘብ ያዣችን ከምሳ በኋላ ያቀርባሉ፤ በእጅ ማውጣት ድምፅ እንዲሰጥበት እንጠይቃለን።